ኢንቦክሱን ለቦት አታስረክቡ፦ ስለ በዓል ሰሞን ማርኬቲንግ ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በነጋዴዎችና በፔጅ አስተዳዳሪዎች መካከል ብዙ ሼር የተደረገ አንድ ጽሑፍ አለ። በበዓል ሰሞን የአንድን ንግድ የሶሻል ሚዲያ ማርኬቲንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዴት አውቶማቲክ ማድረግ እንደሚቻል ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የወሩን ፖስት በሙሉ ጭናችሁ ጨርሱ፤ የበዓላቱን ቀን ከተዘጋጀ ካላንደር ውሰዱ፤ ሰዓቱን ፖስት የሚቀጥረው መሣሪያ ይምረጥ፤ ኢንቦክሱን ቻትቦት (በራሱ መልስ የሚጽፍ ፕሮግራም) ይመልስ፤ ተከታይ የሚያበዛ ቦት ተጠቀሙ፤ ማስታወቂያውም በራሱ ይሂድ፤ እናንተ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር በዓሉን አክብሩ።

የመጨረሻዋ ምክር ለምን ብዙ ሰው እንደወደዳት ይገባኛል። እኔም የምተዳደረው የሌሎችን ፔጅ በማስተዳደር ነው። በዋዜማ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋው "አለ ወይ? መቼ ይደርሳል?" ለሚል መልእክት ሲመልስ የሚያነጋ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ጸሐፊው ለዚህ ሰው ተቆርቁረው መጻፋቸውን አልጠራጠርም። ቅሬታዬ ማሽኑን ያስቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። መለጠፍን ማሽን ሊሠራው ይችላል። መመለስ የሰው ሥራ ነው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ። ከመለጠፍ የተረፈው ሰዓት መዋል ያለበት ኢንቦክስ ላይ ነው። ጽሑፉ ግን ሁለቱንም ለማሽን ሰጥቶ ሰውየውን ወደ ቤቱ ሸኘው። በየነጥቡ ልሂድ።

የወሩን ፖስት ጭኖ መርሳት

በመጫኑ እስማማለሁ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ያዘጋጀው ሜታ ቢዝነስ ስዊት የተባለ መሣሪያ የፌስቡክና የኢንስታግራም ፖስቶችን ቀንና ሰዓት ቀጥሮ ማስቀመጥ ያስችላል፤ ክፍያም አይጠይቅም። ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መልእክትን ለሌላ ቀን ቀጥሮ መላክ ይፈቅዳል። ፎቶ ማንሳት፣ ጽሑፍ ማረም፣ ዲዛይን መሥራት በጥድፊያ ሰዓት ከሚሆን አስቀድሞ ቢያልቅ ሁሉም ይጠቀማል። ለትንሽ ንግድ ለዚህ ብቻ ተብሎ በየወሩ የሚከፈልበት መሣሪያ መግዛትም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

የማልስማማው በመርሳቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የተጻፈ ፖስት የሚያውቀው ያኔ የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። በመሃል ዕቃ ያልቃል፣ ዋጋ ይለወጣል፣ ዴሊቨሪ የሚሠራው ድርጅት ትዕዛዝ መቀበል ያቆማል፣ አንዳንዴም አገር ሐዘን ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በሱፐርማርኬት በሚሸጡ የበሬ ሥጋ በርገሮች ውስጥ የፈረስ ሥጋ መገኘቱን ይፋ አደረገ። ስማቸው ከተነሣው ሱፐርማርኬቶች አንዱ የእንግሊዙ ቴስኮ ነበር። ወሬው በጦፈበት በዚያው ሳምንት የቴስኮ የትዊተር ገጽ ድርቆሽ የሚነሣበት ፈሊጥ ያለበት የመልካም እንቅልፍ መልእክት ለጠፈ፤ በእንግሊዝኛ "ድርቆሹን መምታት" መተኛት ማለት ነው፣ ድርቆሽ ግን የፈረስ መኖም ነው። ያነበበው ሰው ኩባንያው በፈረሱ ጉዳይ የቀለደ መሰለው። ቴስኮ ፖስቱ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት የተቀጠረ እንደነበር አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ። ያ መልእክት ሲጻፍ አንዳች ነውር አልነበረበትም። ነውር ያደረገው በመሃል የተፈጠረው ነገር ነው፤ የተቀጠሩትን ፖስቶች በየቀኑ የሚያነብ ሰው ቢኖር ኖሮ ሳይወጣ ይቀር ነበር።

እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በየቀኑ አይደርስም። በየቀኑ የሚደርሰው ይህኛው ነው፦ ለዓርብ ጠዋት የተቀጠረ ፖስት አለ። "ቀዩ ቀሚስ ከ38 እስከ 44 በሁሉም ቁጥር ገብቷል" ይላል። ሐሙስ ማታ 40 እና 42 ተሸጠው አልቀዋል። ፖስቱ ዓርብ በሰዓቱ ይወጣል፤ ብዙ ሰው እንዲያየው ተከፍሎ ቡስትም ተደርጎበታል። እስከ ቀትር ድረስ ከሥሩ "40 አለ?" "42 ስንት ነው?" የሚል ኮመንት ይደረደራል። ሻጩ ለእያንዳንዱ "አልቋል" እያለ ይመልሳል፤ ወይም ጽሑፉ እንደሚመክረው ስልኩን አጥፍቶ ጭራሽ አይመልስም። ገንዘብ ከፍሎ ያስጠራውን ደንበኛ ባዶ እጁን የሸኘው የገዛ ፖስቱ ነው።

እኔ ፖስቶችን በሁለት እከፍላቸዋለሁ። ቀን የማይሽራቸው አሉ፤ የዕቃ አጠቃቀምና እንክብካቤ፣ የቁጥር አመራረጥ፣ አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት። እነዚህን ከወር በፊት መጫን ይቻላል። ዋጋ፣ ብዛት፣ ቅናሽ፣ "እስከዚህ ቀን ካዘዙ ይደርሳል" የሚል ቃል ያለባቸው ግን ቀን ይሽራቸዋል፤ ከሁለት ቀን በላይ አስቀድሜ አልቀጥራቸውም። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር በዕለቱ የሚወጡት ፖስቶች ከስቶኩ (ከቀረው ዕቃ) ጋር እየተያዩ ይነበባሉ። በተጨማሪም ሁሉንም ነገር ከስልኩ ላይ ማቆም የሚችል ሰውና አንድ ተተኪ ተለይተው ይታወቃሉ። ፓስወርዱን የያዘው ብቸኛ ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ስልኩ የማይሠራበት ሰዓት በትክክል ፖስት መቆም ያለበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ካላንደሩን ለማሽን መተው

ጸሐፊው የበዓላት ዝርዝር ከመሣሪያው ጋር ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ከዚያ መቅዳት ይበቃል ይላሉ። ይህ ከምክሮቻቸው ሁሉ ያስደነገጠኝ ነው፤ በትክክል ይህ አሠራር ምን እንዳደረሰ የሚታወቅ ታሪክ አለና። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2022 የዶሮ ጥብስ ሻጩ የኬኤፍሲ መተግበሪያ ጀርመን ውስጥ ላሉ ደንበኞቹ ማሳወቂያ ላከ። ኖቬምበር 9 እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች የአይሁዶችን ምኩራብ፣ ሱቅና ቤት ያወደሙበት ሌሊት መታሰቢያ ነው። ማሳወቂያው ያንን መታሰቢያ በስሙ ጠርቶ፣ ደንበኛው በዕለቱ ዶሮ በቺዝ እንዲበላ ይጋብዝ ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ሲጠይቅ የሰጠው ማብራሪያ፣ መልእክቱ ከመታሰቢያ ቀናት ካላንደር ጋር በተያያዘ ከፊል አውቶማቲክ አሠራር የተዘጋጀ እንደነበርና የውስጥ ማጣሪያው በአግባቡ እንዳልተሠራበት ነው። ለማሽኑ የሠርግ ቀንም የሐዘን ቀንም አንድ መስመር ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ያ ሕዝብ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ቀኑ ራሱም አይታመንም። ገናን አንዳንዶች ዲሴምበር 25፣ ሌሎች ጃንዋሪ 7 ያከብሩታል። ፋሲካ እ.ኤ.አ. በ2024 በምዕራቡ አቆጣጠር ማርች 31፣ በኦርቶዶክሶች ደግሞ ሜይ 5 ነበር፤ በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ገጠሙ። የእስልምና ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚያጥር የአምናው ቀን ለዘንድሮ አይሠራም። ኢድ ደግሞ በብዙ ቦታ ጨረቃ መታየቷ እስኪረጋገጥ አይቆረጥም፤ ካላንደሩ ላይ የተጻፈው ግምት ነው። ሰው ገና ጾም ላይ እያለ "ኢድ ሙባረክ" ብሎ የሚለጥፍ ፔጅ፣ ቃሉን ከልቡ እንዳልተናገረ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ለእንዲህ ያለው በዓል ፖስቱ ተሠርቶ በረቂቅነት ይቀመጥ፤ ቀኑ ሲታወጅ ሰው በእጁ ይልቀቀው። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።

ሰዓቱን መሣሪያው ይምረጥ ስለሚለው ብዙ አልከራከርም። መሣሪያው የሚመክረው ተከታዮቻችሁ ባለፉት ቀናት መቼ መቼ ገብተው እንደነበር አይቶ ነው። በበዓል ሰሞን የሰው ውሎ ስለሚቀየር ያ መረጃ ያረጃል፤ ቢሆንም ለመነሻ መጥፎ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የአካውንቱ የሰዓት ክልል በትክክል መሞላቱን አንድ ጊዜ አረጋግጡ። ፔጁን የከፈተው ሰው ሌላ አገር ሆኖ ከነበረ የጠዋቱ ሰላምታ እኩለ ሌሊት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ደንበኛ ሰው አይፈልግም የሚለው

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። ደንበኛ የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ ማን እንደመለሰለት አያሳስበውም፤ ስለዚህ ቻትቦት ከሰው ይሻላል። ከልቤ የምቃወመውም እዚህ ላይ ነው።

በዋዜማው አመሻሽ አንዲት እናት እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ "ለልጄ ለነገ ነው፤ ቁጥር 28 ጫማ ካለ አሁን ሰው ልላክ?" ቦቱ ወዲያው ይመልሳል፦ "ሰላም! ስላነጋገሩን እናመሰግናለን። ስለ ምርቶቻችን ለማወቅ 1፣ ለአድራሻ 2 ይጻፉ።" 1 ትጽፋለች። ቁጥር የማይገልጽ ካታሎግ ይላክላታል። "ሰው የለም እንዴ?" ትላለች። "ይቅርታ፣ ጥያቄዎ አልገባኝም።" ሦስት መልእክት በአሥር ሰከንድ ውስጥ ተመልሷል፤ የቦቱ ሪፖርትም አንድ ደንበኛ ተስተናግዷል ብሎ ይመዘግባል። እሷ ግን ቀጣዩ ፔጅ ላይ ገብታ ያንኑ ጥያቄ እየጻፈች ነው። ኢንቦክሱን የያዘው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ሩብ ሰዓት ዘግይቶም ቢሆን፣ "አለ፤ የቀረው ጥቁሩ ብቻ ነው። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሰው ከላኩ አስቀምጥልዎታለሁ" ይላት ነበር። ደንበኛ የሚቸኩለው ለመልሱ ነው። ፈጥኖ የመጣ ግን መልስ ያልያዘ ቃል ብስጭቱን ብቻ ያፋጥነዋል።

በሌላ ወቅት ይህች ሴት ነገ ተመልሳ ትጠይቅ ይሆናል። በዓል ግን ነገ የለውም። የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቀን ያለባቸው ናቸው፤ ይደርሳል ወይ፣ ካልሆነ መቀየር ይቻላል ወይ፣ ትናንት ያዘዝኩት የት ደረሰ። መልሳቸው ካታሎግ ውስጥ የለም። መጋዘን ሄዶ ማየት፣ አድራሹን ደውሎ መጠየቅ፣ አንዳንዴም "ዛሬ አይደርስም፣ ሌላ ቦታ ይሞክሩ" ብሎ እውነቱን መናገር ይጠይቃሉ።

መድረኮቹ ራሳቸው በሰውና በቦት መካከል ልዩነት ማስቀመጣቸውን ጽሑፉ አላነሣም። በሜሴንጀር አንድ ደንበኛ ከጻፈ በኋላ ንግዱ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ 24 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ መመለስ የሚፈቀደው ሰው ራሱ ጥያቄውን ይዞ ሲመልስ ነው፤ አውቶማቲክ መልእክት በዚያ በር አይገባም። የዋትስአፕ የቢዝነስ ፖሊሲም ቦት መጠቀምን ፈቅዶ፣ ደንበኛው ቦቱን አልፎ እርዳታ የሚያገኝበት ግልጽና ፈጣን መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ወደ ሰው መተላለፍ፣ ስልክ፣ ኢሜይል ወይም የመሳሰለው። ኢንቦክሱን ለቦት ሰጥቶ ስልክ ማጥፋት እንግዲህ ከደንቡም ጋር ያጋጫል።

ቦቱ የሚናገረው ቃል የባለቤቱ ቃል መሆኑም አይረሳ። ኤር ካናዳ ይህን በፍርድ ተምሯል። አንድ መንገደኛ ዘመዱ ሞቶበት ለቀብር ሲሄድ የአየር መንገዱን ቻትቦት ስለ ሐዘንተኞች ቅናሽ ጠየቀ። ቦቱ ሙሉውን ከፍሎ ከበረረ በኋላ ቅናሹን መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የኩባንያው መመሪያ ግን ያንን አይፈቅድም ነበር። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለገዛ ድርጊቱ ራሱ ተጠያቂ የሆነ ለብቻው የቆመ አካል ነው የሚል መከራከሪያ እስከ ማቅረብ ደርሶ ነበር። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ትሪቡናል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ኩባንያው 650.88 የካናዳ ዶላር ካሳ ከወለድና ከወጪ ጋር እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ለአየር መንገድ ምንም አይደለም። ግን ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማሽን አሳስቶት፣ ሰዎቹ ደግሞ ቃላችን አይደለም ብለው ሲሟገቱት ማየት ለማንኛውም ነጋዴ ማስጠንቀቂያ ነው። በበዓል ጥድፊያ ላይ ቦት "አዎ፣ ነገ ይደርሳል" ብሎ ለመቶ ሰው ቃል ቢገባ ቃሉን የሚጠብቀው ማነው?

ቦት አያስፈልግም አላልኩም። አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ የመጀመሪያ ሰላምታ ይመልስ። የዋትስአፕ ቢዝነስ መተግበሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጻፈ ወይም 14 ቀን ለጠፋ ደንበኛ ሰላምታ ይልካል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚጽፍም መልስ ማዘጋጀት ይቻላል። ከሁሉም የምወደው ግን ፈጣን ምላሽ የሚባለውን ነው። ደጋግማችሁ የምትጽፉትን አረፍተ ነገር አስቀምጣችሁ በአጭር ምልክት ትጠሩታላችሁ። ጥያቄውን ሰው ያነባል፣ መልሱን ሰው ይመርጣል፣ መተየቡን ማሽን ይሠራል። ደንበኛው ቀን ሲጠቅስ፣ ሲያማርር ወይም ሰው ሲፈልግ ቦቱ ወዲያው ዞር ይበል።

ተከታይ የሚያበዛ ቦት

በዚህ ጉዳይ ላይ መካከለኛ ቦታ የለም፤ አትጠቀሙ። ለሰው ላይክ፣ ፎሎውና ኮመንት እያደረገ ተከታይ ይስብ የነበረው ኢንስታግረስ የተባለ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንስታግራም ጥያቄ ተዘግቷል። በኖቬምበር 2018 ደግሞ ኢንስታግራም እንዲህ ካሉ መተግበሪያዎች የመጡ የውሸት ላይኮችን፣ ፎሎዎችንና ኮመንቶችን ማስወገድ መጀመሩን አስታውቆ፣ ተጠቃሚዎቹ ፓስወርዳቸውን እንዲቀይሩ አሳሰበ። እንዲህ ያለውን መተግበሪያ መጠቀም ፓስወርዱን ለማታውቁት ሰው መስጠት ማለት ነውና። ዓመቱን ሙሉ የተገነባ አካውንት በዋዜማው ቢታገድ በሰዓቱ የሚከፍትላችሁ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጽሑፉ ከዚሁ ጋር የመልካም ምኞት መልእክቱን በሙሉ በኤአይ አስጽፉ ይላል። ረቂቅ ያውጣላችሁ፤ ግን ሁሉም ሰው ያንኑ ትዕዛዝ ሰጥቶ ያንኑ ጽሑፍ ሲለጥፍ የማንም ድምፅ አይለይም። "ከተስማማችሁ ላይክ፣ ለወዳጃችሁ ሼር" የሚል ማባበያ ካስገባባችሁ ደግሞ አውጡት። ፌስቡክ እንዲህ ያሉ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚገፋ ካስታወቀ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል።

ማስታወቂያውን ብቻውን መተው

እዚህ ጸሐፊው በግማሽ ልክ ናቸው። የሜታ ማስታወቂያ በየቀኑ ሊነካካ አይገባም። ሥርዓቱ ማንን ቢያሳይ እንደሚሻል የሚማርበት ጊዜ አለው፤ በሳምንት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጋ ውጤት (ለምሳሌ መልእክት ወይም ግዢ) እስኪያገኝ ድረስ አይረጋጋም፤ ትልቅ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ትምህርቱ እንደገና ይጀምራል። ከዚህ የሚከተለው ግን አስቀድሞ መጀመር ነው። የማስታወቂያ ቦታ በጨረታ ነው የሚሸጠው። በዋዜማው ሳምንት ተጫራቹ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ያኔ የተጀመረ አዲስ ማስታወቂያ ትምህርቱን የሚማረው በውዱ ቀን ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሜታ የሚያደርገው ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያልቅም ሊዘገይ ስለሚችል የመጨረሻው ቀን ላይ አትገኙ።

አውቶማቲክ ማድረግ የሚገባው ማቆሚያውን ነው። እያንዳንዱ የበዓል ማስታወቂያ የሚያበቃበት ቀን ይሞላለት። አውቶሜትድ ሩልስ በሚባለው በኩል ወጪው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ማስታወቂያው በራሱ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ዕቃው ሲያልቅ ግን ማሽኑ አያውቅምና ሻጩ ለፔጅ አስተዳዳሪው የሚያሳውቅበት መንገድ ይኑር፤ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል።

ስለ እረፍት

ነጋዴም ሠራተኛም በዓል ማክበር አለበት። ይህን ለማግኘት ግን ደንበኛን ማታለል አያስፈልግም። ተራ ይውጣ፤ ኢንቦክሱን ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይያዝ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ "ዛሬና ነገ እረፍት ላይ ነን፤ አዲስ ትዕዛዝ የምንቀበለው ከነገ ወዲያ ጠዋት ጀምሮ ነው" የሚል መልስ ያስቀምጥ። ደንበኛ ቁርጡን ካወቀ ሌላ ቦታ ይገዛል ወይም ይጠብቃል፤ ሁለቱም ሲጉላላ ከመዋል ይሻለዋል። ስትመለሱ ያንን መልስ ማጥፋት አትርሱ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ያለውን ሳምንት ነው። እቅዱ በበዓሉ ዕለት ያበቃል፤ ውጤቱም በሪች (ፖስቱን ባየው ሰው ብዛት) እና በተከታይ ቁጥር ይለካል። የጠበበ ጫማ፣ የተሳሳተ ቀለም፣ ያልደረሰ ዕቃ ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ኢንቦክስ ውስጥ ነው። ለዚያ ሳምንት ፖስት ባይቀጠር ይሻላል፤ የምትለጥፉት አንድ ነገር ካለ ዕቃ እንዴትና እስከ መቼ መቀየር እንደሚቻል የሚያስረዳው ይሁን። ሪፖርታችሁ ላይም ከሪቹ በፊት አንድ ቁጥር ጻፉ፦ በሰሞኑ ከገቡት መልእክቶች ስንቱ ያለ ሰው መልስ ቀረ። ከዚያ እነዚያን መልእክቶች ከላይ እስከ ታች አንብቧቸውና ዘግይቶም ቢሆን አንድ በአንድ መልሱላቸው።